ከነገሥታት መድረክ ወደ ሕዝብ ጭፈራ
በወለጋ ከተሞች ዓይን የታየ የቴአትርና የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ

ኪነ ጥበብ ከሰው ልጅ ኑሮ ተነጥሎ በባዶ ሜዳ የሚበቅል ተክል አይደለም። ሥሩ የኅብረተሰቡ የሥራ፣ የምርትና የትግል ሕይወት ነው። ዘፈንም ሆነ ጭፈራ፣ ተውኔትም ሆነ ቅኔ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ማን እንደ ከፈለበት፣ ማን እንደ ሠራውና በመጨረሻም ማን የራሱ እንዳደረገው ሳይመረመር ምንነቱ በትክክል ሊታወቅ አይችልም። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድና ያው አይሆንም። ያዘዘው ንጉሥ፣ የከፈለበት ገበሬ፣ የሠራው ደመወዝተኛ፣ የራሱ ያደረገው ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ሊሆን ይችላል።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ከተማ ሠርግ የታደመ ሰው ይህን ነገር በዓይኑ አይቶታል፤ በእግሩም ጨፍሮበታል። ኪቦርዱና ጊታሩ፣ አልፎ አልፎም ሳክስፎኑ ከፍ ብለው ሲሰሙ፣ አረጋዊው ዘንጉን ይዞ ይነሣል፤ ወጣቱ ትከሻውን ያናውጣል፤ እናቶች እልልታቸውን ያቀልጣሉ። ዜማው የአገር ነው፤ መሣሪያው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እነዚህ ሁለቱ የት ተገናኙ? ማንስ አገናኛቸው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በመጠኑ መመርመር ነው። መልሱን ለማግኘት ከሠርጉ ዳስ ወጥተን ወደ ቴአትር ቤት፣ ከቴአትር ቤቱም አልፈን የጥንት ነገሥታትና ጀግኖች ወደሚናገሩበት መድረክ መሄድ ይኖርብናል። የከተማ ጭፈራ ሙዚቃችን አንዱ እናት ቤት ያ መድረክ ነውና።

የጥንት ታሪክ በዓለም መድረክ

ጥንታዊ ታሪክን በመድረክ አሳይቶ ከእርሱ የጭፈራ ሙዚቃ ማውጣት በእኛ አገር የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ ከተማ ዣክ ኦፈንባክ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ የጥንት ግሪኮችን የኦርፌዎስ ተረት ወደ ሳቅ ለውጦ በመድረክ አቀረበ። ቀድሞ በቤተ መንግሥት ቴአትሮች በክብር ይቀርቡ የነበሩት የግሪክ አማልክት በዚህ ተውኔት ውስጥ ሲሰለቹ፣ ሲዋሹና በሲኦል እንደ እብድ ሲጨፍሩ ታዩ። ተመልካቹ የሣቀው በአማልክቱ ብቻ አልነበረም፤ በጊዜው ፈረንሳይን በሚገዛው በሦስተኛው ናፖሊዎን መንግሥት ባለሟሎች ጭምር ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ ዮሐን ሽትራውስ ልጅየው በቪየና ከዚያው ተውኔት ዜማዎች ለጭፈራ አዳራሽ የሚሆን ሙዚቃ አቀነባበረ። በዚህ ዓይነት የቴአትር ትኬት ያልቆረጠ ሰው እንኳ የጥንቱን የኦርፌዎስን ዜማ በእግሩ ሊረግጠው ቻለ።

ይሁን እንጂ የጥንት ታሪክ ሁልጊዜ ለሳቅ አይቀርብም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ከተማ የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» የተባለው የሙዚቃ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ያዘዘውና የከፈለበት የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ነበር። ታሪኩ በፈርዖኖች ዘመን በግብጽና በኢትዮጵያ መካከል የተደረገ ጦርነት ተደርጎ የተፈጠረ ነው። በመድረኩ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተማርኮ ሲቀርብ፣ ልጁ አይዳም በግብጽ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና ስታለቅስ ይታያል። በመለከት የታጀበው የድል ሰልፍ ሙዚቃም ዝናው በዓለም ተዳረሰ። ነገር ግን የመድረክ ድል የጦር ሜዳ ድል አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ከዲቭ እስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ በላከ ጊዜ፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ነሣው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ጥንታዊ ታሪክ በመድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ጥንት ብቻ አይናገርም፤ የሚናገረው ስላዘዘው ሰው ምኞትም ጭምር ነው።

የአንዲቱ በግ ታሪክ

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር ፈር ቀዳጅ የሚባሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘው ተውኔታቸው በእንስሳት ተረት አማካይነት የጊዜውን አስተዳደር ነቀፈ። የተረቶቹ የዘር ሐረግ ሲመዘዝ በፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በኩል አልፎ እስከ ጥንቱ ግሪካዊ ኤዞፕ ይደርሳል። ባለሥልጣኖቹ አንበሳውና ቀበሮው እነማን እንደ ሆኑ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ተውኔቱም ታገደ። ጥንታዊ ተረት በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ገና ከመውጣቱ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በደረሰበት ወቅት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ሕዝቡን በንግግር፣ በቀረርቶና በዘፈን ይቀሰቅስ ነበር። ከድል በኋላ ማኅበሩ ቴአትር ቤት ሆኖ ቀጠለ፤ የማዘጋጃ ቤቱም ቴአትር የራሱን የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። በእነዚህ ቤቶች ተውኔትና ዘፈን የማይነጣጠሉ መንትያዎች ነበሩ። በአንድ ዝግጅት ላይ ድራማ፣ ዘፈን፣ ውዝዋዜና ቀልድ እየተፈራረቁ ይቀርቡ ነበር። በመሆኑም ለተውኔቱ የተሰናዳው ሙዚቀኛ ለጭፈራውም ተሰናድቶ ነበር።

ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በተከበረበት በዚያ ወቅት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስም ተመረቀ። ለምረቃው የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት የሆነው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ደራሲው የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ለበዓሉ የተመረጠው ጥንታዊ ታሪክ ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚተርከው ንጉሥ ዳዊት የታማኝ ወታደሩን የኦርዮንን ሚስት ወሰደ፤ ወታደሩንም በጦርነቱ ግንባር ፊት ለፊት አሰልፎ አስገደለው። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ ገብቶ ስለ ሁለት ሰዎች ነገረው። አንደኛው እጅግ ብዙ በጎችና ከብቶች ያሉት ባለጸጋ ነበር፤ ሁለተኛው ከአንዲት ጠቦት በግ በቀር ምንም የሌለው ድኻ ነበር። ባለጸጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳስቶ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ንጉሡ ተቆጥቶ ፍርድ በሰጠ ጊዜ ነቢዩ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው።

የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት የዘር ሐረግ ከዚሁ ከዳዊት የሚቆጥር ዘውድ ይህን ታሪክ ለኢዮቤልዩው መምረጡ የክብር ምልክት ነበር። ይሁን እንጂ የአንዲቱ በግ ታሪክ በገባር ሥርዓት ለኖረ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም። የወለጋ ገዥዎች ለማዕከላዊው መንግሥት ይገብሩት የነበረው ወርቅ፣ ኋላም የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ምርት የሆነው ቡና፣ ከየት መጣ? ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ጓሮ፣ ከካፋና ከሲዳሞ ጫካ፣ ከገበሬው ላብ አይደለምን? የቴአትር ቤቱን ግርማ ያየው ጥቂት ሰው ነበር፤ ክብደቱን የተሸከመው ግን ብዙ ነበር። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የተነገረው ለማን እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

በዚያው ዘመን የከበደ ሚካኤል «አኒባል» የጥንቱን የካርታጎ የጦር መሪ ታሪክ ይዞ ቀረበ፤ «ካሌብ» የተሰኘው ድርሰታቸውም የአክሱሙን ንጉሥ አስታወሰ። አኒባል ከአፍሪካ ተነሥቶ ሮማን ያንቀጠቀጠ ሰው ነው። የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ገና ያልረሳ ተመልካች ለዚህ ሰው ያጨበጨበው ስለ ካርታጎ ሲል ብቻ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ከመድረኩ ግርጌ የተቀመጡት ሠራተኞች

ነገሥታቱ በመድረክ ላይ ሲናገሩ ከመድረኩ ግርጌ የሚነፋ፣ የሚመታና የሚከረክር የሰው ጓድ ነበር። ስለ እነዚህ ሠራተኞች ጥቂት መናገር ይገባል፤ ዜማውን ወደ ሕዝብ ያደረሱት እነርሱ ናቸውና።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ሥር አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው። እነዚህ ወጣቶች በትውልድ አገራቸው ከደረሰው ዕልቂት የተረፉ ስደተኞች ነበሩ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆነው ኔርሴስ ናልባንዲያን በኋላ መጥቶ የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ አሠለጠነ። በአዲሱ ቴአትር ቤትም የመጀመሪያው የኦርኬስትራ መሪ ከኦስትሪያ የመጣው ፍራንዝ ዜልቬከር ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ሥራውን ኔርሴስ ተረከበ። የኔርሴስ ታላቅ ሥራ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከአውሮፓ መሣሪያ ጋር ማስማማቱ ነው። በአምስት ድምፅ የሚሄደውን የአገር ቅኝት ሳያፈርስ ለመለከት፣ ለክላርኔትና ለሳክስፎን አከፋፈለው። ወጣቶቹ ሙዚቀኞችም ኖታ ማንበብ ተማሩ።

ይህ ዕውቀት በቴአትር ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ታፍኖ አልቀረም። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ደመወዙም ኑሮን አይሞላም። ስለዚህ ቀን በቴአትር ቤት የተለማመደውን ማታ በሆቴልና በጭፈራ ቤት ይጫወተው ጀመር። ለነገሥታቱ ዙፋን የተሰናዳው መለከት ለከተማው ነዋሪ ጭፈራ ነፋ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎችም በዚሁ መንገድ ተጓዙ። በእነዚያ ክፍሎች ያለ ሙዚቀኛ ወታደር በመሆኑ ያለ ፈቃድ የትም ሄዶ ሊጫወት አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ ሹማምንት በዘውዱ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው በከሸፈ ጊዜ፣ ታላቁ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ለእስር ተዳርጓል። ሸክላ የማሳተም ሥራም ለረጅም ጊዜ በመንግሥታዊ ተቋም ብቻ ተይዞ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን አጥር ጥሶ የራሱን ሸክላ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በሸክላና በሬዲዮ እየተጓዘ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ነቀምቴ፣ ከእርሷም አልፎ ወደ ቡና ከተሞቹ ደረሰ።

የሸለለው ሳክስፎን

ከመድረኩ ግርጌ ከተነሡት መካከል የጌታቸው መኩሪያ ታሪክ ለርእሰ ጉዳያችን የተለየ ትርጉም አለው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገና በለጋ ዕድሜው በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ሥራ ጀመረ፤ አዲሱ ቴአትር ቤት ሲከፈትም ወደዚያ ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄደ። ይህ ሰው የጥንቱን ሽለላና ቀረርቶ በሳክስፎን መጫወት ጀመረ። ሽለላ ከጦርነት በፊት ጀግናው ደሙን የሚያሞቅበት፣ ግዳዩን የሚቆጥርበት፣ ፈሪን የሚያሳፍርበት ጥንታዊ ቃል ነው። ጌታቸው ቃሉን ትቶ ትንፋሹን ወሰደ። መሣሪያው ያጓራል፣ ይቆጣል፣ ያንገራግራል፣ ድንገት ዝም ይላል፤ እንደ ገናም ይነሣል። በመድረክ ላይም እንደ ጥንት አርበኛ የአንበሳ ጎፈርና ካባ ለብሶ ይቀርብ ነበር።

ይህ ሥራ በቴአትርና በጭፈራ ሙዚቃ መካከል ያለውን ድንበር ያፈረሰ ነው። አለባበሱ የተውኔት ነው፤ ቃሉ የጥንት ነው፤ መሣሪያው የዘመኑ ነው፤ ጆሮውም የሕዝብ ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጸው ሸክላው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአውሮፓ እንደ ገና ሲታተም ዓለም ተደነቀ፤ በስተርጅናውም ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር በብዙ አገሮች ተጫውቷል። በ2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የወለጋ ሰው ይህን ሳክስፎን ሲሰማ አንድ ነገር ያስታውሰዋል፤ ይኸውም ጌራርሳ ነው። ጌራርሳ የኦሮሞ ሕዝብ ጀግንነቱን፣ ቁጭቱን፣ ድህነቱንና አቤቱታውን የሚያዜምበት ጥንታዊ ቃል ነው። አንድ ሰው ይነሣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የደረሰበትን ይናገራል፤ ሌሎች ያዳምጣሉ፤ ይመሰክራሉም። ከሽለላ ጋር ያላቸው ዝምድና ሰፊ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሽለላ ወደ ቴአትር ቤት ገብቶ በሳክስፎን ሲነፋ፣ ጌራርሳ የት ነበር?

በራሳችን ጓሮ የነበረው ጥንታዊነት

መልሱ የሚያሳዝን ነው፤ በር ላይ ቆሞ ነበር። ይህም የሆነው ዕውቀቱ ስላልነበረ አይደለም። ከባርነት ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ገና በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በምጽዋ አቅራቢያ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ጣቢያ ሳሉ በኦሮሞ ቋንቋ ላይ ሠርተዋል። አስቴር ጋኖ 500 ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰባስባለች፤ ከዚህም ውስጥ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ሁለቱም በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተምረዋል። ኦኔሲሞስ በ1923 ዓ.ም. ሲያርፍ የትርጉም ሥራው የሆነው የኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቡ እጅ ነበር። እንግዲህ በዳዊትና በኦርዮን ታሪክ ቴአትር ቤት ከመመረቁ ግማሽ ምእት ዓመት በፊት የወለጋ ሰው ያንኑ ታሪክ በገዛ ቋንቋው ሊያነበው ይችል ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን ቋንቋው በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤትና በጋዜጣ ቦታ ስላልተሰጠው መድረክም አላገኘም። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ የገዳ ሥርዓት ሸንጎ ከተካሄደባቸው ጥንታዊ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሕግ የተደነገገበት፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የተላለፈበት ይህ ታላቅ ታሪክ ለካርታጎ የተሰጠውን ያህል እንኳ መጋረጃ አልተከፈተለትም። በአምቦ አካባቢ የተወለደው ፀጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ተውኔቱ ኦዳን ከነንግርቱ በመድረክ ላይ ለማቆም ተነሣ። ነገር ግን ተውኔቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በኦዳው ጥላ ሥር ያደገው ገበሬ ስለ ኦዳው የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። ይህ ለደራሲው ነቀፌታ ሆኖ አይቆጠርም፤ የዘመኑን የባህል ሥርዓት የሚያጋልጥ ምስክር ነው እንጂ።

ሕዝብ ግን በር ሲዘጋበት መስኮት ይፈልጋል። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን በኦሮሞ ቋንቋ በዘመናዊ መሣሪያ ዘፈነ፤ ዓሊ ቢራን የመሰለ ድምፃዊም አፈራ። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ቢታገድም ዘፈኑ አልታገደም። ከዚያ ቀደም ብሎ በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጡትን የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ከያንያን አይቶ ልቡ ተነካ፤ እነርሱን ፍለጋም ወደ ከተማ ሄደ። ይህ ልጅ ጥላሁን ገሠሠ ነው። በአማርኛም በኦሮሞ ቋንቋም የዘፈነው ይህ ሰው በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰለት። አንድ የቴአትር ጓድ ወደ አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ያደረገው ጉዞ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ ጥንታዊ ታሪክ የማንም የግል ርስት አይደለም። ገዥዎች ዙፋናቸውን ለማስረዘም ያዙት፤ ሙዚቀኛው ትንፋሹን ሰጠው፤ ሕዝቡ ግን በጭፈራው ነጥቆ የራሱ አደረገው። ዛሬ በሠርግ ዳስ የሚሰማው የመሣሪያ ድምፅ የዚህ ረጅም ጉዞ ውጤት ነው። «ይህ የአገር አይደለም» ብሎ ማጥላላትም ሆነ «አሮጌው ይቅር» ብሎ የአባቶችን ዜማ መጣል፣ ሁለቱም ታሪኩን ካለማወቅ የሚመነጩ ስሕተቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ መድረክ ያላገኘ ቅርስ ይሞታል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የብሔረሰቦችን ዘፈን ወደ መድረክ አወጡ። ዘፈኑ የዘመኑን መፈክር እንዲሸከም መገደዱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በርካታ ወጣቶች መሣሪያ የጨበጡት በዚያ ነበር። ዛሬ የኦሮሞ ቋንቋ ሙዚቃ በመላው አገሪቱና ከአገር ውጭ ይደመጣል፤ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን መዝገብ አይዘፍንም። ጌራርሳውን የሚያውቁት አዛውንቶች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው፤ አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥርም ያልታተመ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቤት ነው። በነቀምቴ ቀበሌ ያለው የዕድር አባል፣ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራው ወዛደር፣ በነጆ ወይም በአርጆ የሚያስተምረው መምህር ከተማውን ሳይለቅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። አስቴር ጋኖ በስደት ላይ ሆና ያደረገችውን በእጁ ስልክ የያዘ ወጣት በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ በጎረቤቱ ደጃፍ ሊያደርገው ይችላል፤ አዛውንቱን አክብሮ ይጠይቅ፣ ይቅረጽ፣ የተናገሩትን ቀንና ቦታ ይመዝግብ። የትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ የዳዊትን ታሪክ ማሳየቱን ሳይተው ኦዳ ቡሉቅንም በመድረክ ያቁም። በከተማው ያለው ሙዚቀኛም ሳክስፎኑን አንሥቶ ጌታቸው ሽለላን እንዳደመጠ ጌራርሳን ያድምጥ።

ነቢዩ ናታን ለንጉሡ የነገረው የአንዲት በግ ታሪክ ነበር። የድኻው ሀብት ያቺ ብቻ ነበረች። የሕዝብም ቃል እንደዚያች በግ ነው፤ በቤቱ ተወልዳ፣ ከማዕዱ በልታ፣ በብብቱ ያደገች ናት። ሌላ ሰው ለድግሱ እንዳይወስዳት፣ በቸልተኝነትም እንዳትሞት መጠበቅ የባለቤቷ ተግባር ነው።